አልሰጥም የማይሉት እትዬ አጸደ

ይሉኝታ ያለው ሰው በሚኖርበት ቤት ዋይፋይ አይቆለፍም። በቃ! ባለሙያ አምጡ፣ የይለፍ ቃሉን በቁጥርና በምልክት አጥሩት፣ ከፈለጋችሁ ዘበኛ ቅጠሩለት፤ አንድ ጎረቤት በር አንኳኩቶ «እንዴት አደሩ?» ካለ ነገሩ አለቀ። እናንተም ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ለቀጨኔዎቹ የደረሱን ክብርት እትዬ አጸደ ናቸው፤ አከራዬ።

መስመሩ የገባው በእሳቸው ሳሎን በኩል ስለሆነ ራውተሩ የእኔ ቢሆንም መኖሪያው እዚያ ነው። ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጠው ዳንቴል አልብሰውታል። እኔ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ባለችው ክፍሌ ሆኜ ለአንድ ድርጅት ደንበኞችን በቪዲዮ አነጋግራለሁ። እንጀራዬ ይቺው ናት። መስመሩ ላይ ሰው በዝቶ ድምፄ በተቆራረጠ ቁጥር የአለቃዬ የሮሃ ፊት ይጠቁራል። በቀደም «ኢታና፣ ሐሙስ ከትልቁ ደንበኛ ጋር ስንሰበሰብ መስመርህ ከተቋረጠ እኔም ላድንህ አልችልም» ብላኛለች።

«እትዬ፣ እባክዎን ለሰው አይስጡ» እያልኩ ስንቱን ጊዜ ለመንኩ!

«ውይ! እኔ? ለየትኛው ሰው ሰጥቼ?» ይላሉ። ከኋላቸው የከብት ነጋዴው አቶ ዱጉማ አጥሩን ተደግፈው፣ ሸጎሌ ከብት ገበያ የቆመ በሬ በእኔው ዋይፋይ እያዩ ዋጋ ይከራከራሉ።

«እሳቸውስ?»

«እሳቸውማ ጎረቤት ናቸው! አንተ ሰው ነው ያልከኝ።»

አንድ ቀን ብልጠት መጣልኝ። የይለፍ ቃሉን «አልሰጥም» አልኩት። እትዬ አጸደ ከተወለዱ ጀምሮ ይህን ቃል በሰው ፊት ተናግረው አያውቁም፤ ታዲያ ሲጠየቁ ምን ሊሉ ነው? ለጥንቃቄ ደግሞ በላቲን ስጽፈው «ጥ»ን በኤክስ ተካኋት። ማን ይገምታል ብዬ።

ለጥቂት ቀን ሰላም ሰፈነ። ከዚያ ጸጉር አስተካካዩ ለሊሳ መጣ፤ ደንበኞቹን በእኔ ዋይፋይ የሚያባብል ጎረቤታችን ነው። እትዬ አጸደን ጨነቃቸው። «አልሰጥም» ማለት ነውር፣ ዝም ብሎ መመለስ ደግሞ የባሰ ነውር። በመጨረሻ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «ልጄ፣ እኔ አፌን ሞልቼ አልልህም፤ አንተው ‹እሰጣለሁ› የሚለውን ተቃራኒውን ጻፍ።»

ጻፈዋ! ኤክሷስ? ቀጨኔ ያለችው ጉለሌ መሆኑን ረስቼ ነው እንጂ። ለሊሳ በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል ነው የተማረው፤ ለእሱ «ጥ» ድሮም ኤክስ ናት። በመጀመሪያ ሙከራው ገባ።

ሌላ ቃል ቀይሬ ለእሳቸውም ሳልነግራቸው ቀረሁ። ለሊሳ ደግሞ ከራውተሩ ጀርባ ያለች አንዲት ቁልፍ ስትጫን ያለ ይለፍ ቃል እንደምታስገባ አስተማራቸው። ከዚያ ወዲያ እንግዳ በመጣ ቁጥር ዳንቴሉን ገለጥ አድርገው ይጫኗታል። ይህን ሳይ ተስፋ ቆረጥኩ፤ እውነቴን ነው፣ ማልቀስ አማረኝ።

ረቡዕ ከሰዓት በራቸው ላይ ቆምኩ። «እትዬ፣ ነገ ጠዋት መስመሩ ከተቋረጠ ከሥራ እባረራለሁ። ሥራ ከሌለኝ ቤቱንም እለቃለሁ። ነገን ብቻ፣ ማንም ቢመጣ እምቢ ይበሉ።»

ፊታቸው ገረጣ። «እም...» አሉና ቃሉ ጉሮሯቸው ላይ ቀረ። እንደማይሆንላቸው ገባኝ። ክፍሌ ገብቼ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት ግቢው በሰው ድምፅ ተሞላ። በመስኮት አየሁ። ለሊሳ መጣ፤ አቶ ዱጉማ መጡ፤ የላይኛው መንገድ ሴቶች በሙሉ ተከታትለው መጡ። ሁሉም ስልኩን ይዟል፤ ሁሉም ወደ ሳሎኑ ይገባል። አለቀልኝ! ሴትዮዋ እምቢ ማለት ቢያቅታቸው ጭራሽ ድግስ ጠሩበት ብዬ እጄን ጭንቅላቴ ላይ ጫንኩ።

ስብሰባው ተጀመረ። ደንበኛው ተናገረ፣ እኔ መለስኩ፤ አንድም ፊት አልፈዘዘም፣ አንድም ቃል አልተቆረጠም። ግራ ቢገባኝ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ አውልቄ ወደ ግድግዳው ጠጋ አልኩ።

«ወገኖቼ፣ ስልካችሁን አጥፍታችሁ የለ?» ይላሉ እትዬ አጸደ። «በሉ ጸሎታችንን እንቀጥል።»

የጸሎት ጥሪ እምቢ አይባልም፤ ጸሎት ላይ ደግሞ ስልክ ይጠፋል። አቶ ዱጉማ እንኳ የእትዬ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሳይሆኑ መጥተዋል። እምቢ ማለት የማይችሉት ሴትዮ፣ ሰፈሩን በሙሉ እምቢ በማይባል ነገር ጠርተው ሳሎናቸው ውስጥ አስቀምጠውታል።

ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ጌታ ሆይ፣ ይህ አፌ እምቢ ማለት እንደማይችል አንተ ታውቃለህ። ኢታና በእኔ አፍ ምክንያት እንጀራውን እንዳያጣ። ከቤቴም አታስወጣብኝ፤ ልጄ ነው፣ ለምጄዋለሁ።»

«አሜን!» አለ ሰፈሩ። የለሊሳ አሜን ከሁሉም ትበልጣለች።

ለካ ደንበኛው አንድ ጥያቄ ጠይቆኝ ኖሯል። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ጆሮዬ ግን ግድግዳው ላይ ቀረ።

«ኢታና!» አለች ሮሃ ደንግጣ። «ኢታና፣ ትሰማናለህ? መስመሩ ተቋረጠ እንዴ?»

«የለም» አልኳት ዓይኔን እየጠረግሁ፤ «መስመሩ ደህና ነው። እኔ ነኝ።»