ግራዝማችን ማን አስነሣቸው?

እኛ ጎጃሞች እንግዳ ሲገባ ቁጭ ብሎ የሚቀበል ሰው አንወድም። ትልቅ ሰው በር ላይ ብቅ ሲል «ኖር!» ብሎ ብድግ የማይል ሁሉ አሳዳጊ የበደለው ነው። ግን ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ሰው እንዲነሣልን እንጂ ተነሥቶ እንዲጨርስ አንፈልግም። ገና ወገቡን ሲያነቃንቅ «በእግዜር! በእግዜር! በሞቴ አይነሡ!» እያልን ትከሻውን ተጭነን ወደ መቀመጫው እንመልሰዋለን። ይህ ደግነታችን ሰው ሊያሽመደምድ እንደሚችል የገባኝ ባለቤቴ ግራዝማች ደስታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከታመሙ ወዲህ ነው።

አንድ ጧት ከአልጋ ሊወርዱ ሲሉ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው፤ አንደበታቸውም ተያዘ። አንደበታቸው ሲመለስ እግራቸው ቀረ። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ አንዲት ፈረንጅ ነርስ፣ ሬዲዮ የምታህል ባለባትሪ መሣሪያ ይዛ እቤታችን ትመላለስ ጀመር። በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈኑ ሁለት ብረቶች ጭናቸው ላይ አስራ ቁልፉን ስታዞረው፣ ያ እንደ ግንድ ተጋድሞ የከረመ እግር ተዘረጋ! እኔ አማተብሁ። ግራዝማች ግን እግራቸውን እንደ ሰው ንብረት በትዝብት አዩትና፣

«እኔ ሳላዘው ማን አዘዘው?» አሉ።

«ባትሪው» አለች ሲስተር። «እግርዎ አልሞተም። ከጭንቅላት የሚመጣው ትእዛዝ ነው መንገድ የጠፋው። እኔ ቁልፉን ሳዞር እርስዎም አብረው ‹ተነሥ› ይበሉት። ውሎ አድሮ እርስዎን ይሰማል።»

መሣሪያው ግን ክረምት ሳይገባ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። እስከዚያ ብድግ ካላሉ ቀሪ ዘመናቸውን ሰው ደግፎ ሊያስነሣቸው፣ ሰው ደግፎ ሊያስተኛቸው ነው።

እግሩ እየበረታ መጣ። ያስቸገረን ጠያቂው ነው። ሲስተር ቁልፉን ታዞራለች፣ ጭናቸው ይጠነክራል፣ ግራዝማች ጥርሳቸውን ነክሰው ከወንበሩ ከፍ ይላሉ፤ ልክ በዚያች ቅጽበት የንስሐ አባታችን ይገባሉ። «በእግዜር! ኧረ በመስቀሉ! ታመው ደግሞ ይነሡልኛል?» ብለው በሁለት እጃቸው ተጭነው ቁጭ ያደርጓቸዋል። ጎረቤቱም ዘመዱም እንዲሁ። በር እንዳንዘጋ፣ በሽተኛ ያለበት ቤት መዝጋት ነውር ነው። ሲስተር «ተዉአቸው፣ ይነሡ!» ብላ ስትጮህ፣ ጠያቂው «አይ የፈረንጅ ጭካኔ!» እያለ ከንፈሩን ይመጥጣል።

«እኔን የያዘኝ በሽታው አይደለም፤ ወዳጅ ነው» አሉኝ ግራዝማች።

ክረምቱ ተቃርቦ ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ባላምባራስ ይግዛው መጡ። ከግራዝማች ጋር በአንዲት የገብስ መሬት ተካሰው ሰላምታ ካቋረጡ ከርመዋል። የመጡት ሰው ምን ይለኛል ብለው መሆኑ ከፊታቸው ያስታውቃል። ገብተው መሐል ቤት ቆሙ።

«ኖር» አሉ ግራዝማች፣ ቀዝቀዝ ብለው።

ሲስተር ቁልፉን አዞረች። ባላምባራስ ንቅንቅ አላሉም። «በእግዜር» የለ፣ «አይነሡ» የለ! እጃቸውን ካባቸው ውስጥ ሸጉጠው የሚገባቸውን አክብሮት እስከ መጨረሻው ጠበቁ። ግራዝማች ተንቀጠቀጡ። ላብ አጠመቃቸው። የወንበሩን ክንድ ለቀቁ።

ቆሙ።

ባላምባራስ ከላይ እስከ ታች አዩዋቸውና «ለካስ ደኅና ነህ! እንግዲህ ታምሜአለሁ እያልህ ቀጠሮ አታስተላልፍም» አሉ።

«በእግሬ እመጣልሃለሁ!»

ባላምባራስ ሲወጡ ሲስተር ወደ እኔ ዞራ «እኚህን ሰውዬ በየቀኑ ልታመጪልኝ ትችያለሽ?» አለችኝ።

አላስፈለገም። ግራዝማች ከዚያ ወዲያ ባላምባራስ ፊታቸው የቆሙ እየመሰላቸው ይነሡ ነበር፤ መጀመሪያ ከባትሪው ጋር፣ መሣሪያው ከሄደ በኋላም በራሳቸው። በቀጠሮው ቀን ከዘራ ይዘው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ተከራከሩ፤ ተረቱ። እያነከሱ ሲመለሱ ሳቃቸው ከአጥር ውጭ ይሰማ ነበር። «ዳኛው አዝነውልኝ ‹ተቀመጥ› ቢሉኝ እምቢ አልሁ!» አሉኝ።

ዛሬ እሳቸው የሉም። ከሰው ጋር በዚያ መሬት አጠገብ ሳልፍ፣ የተነጠቅሁትን እንዳላይ ብሎ በወሬ የሚያዘናጋኝ አይጠፋም። ወዳጅ ነዋ! እኔ ግን ገብሱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳየው ደስ ይለኛል።