የባጃጅ ተራችን ሪፐብሊክ የሆነ ዕለት

ንጉሥ ማውረድ ቀላል ነው ይላሉ፤ እንዲህ የሚሉት ግን ንጉሡ የሰፈራቸው ሰው ካልሆነ ነው። እኔ ትምህርቴን ያቋረጥሁት የታሪኩ መጽሐፍ ዘውዱን አውርዶ ወደ ብዙ ፓርቲ ሊሻገር ሲል ስለነበር፣ የቀረውን ምዕራፍ በተግባር ለመማር ተገደድሁ።

የጎንደር ፒያሳ ባጃጅ ተራ ንጉሥ አያ ጎሹ ናቸው። አባታቸው እዚያው ቦታ ጋሪ ያሰልፉ ነበር፤ እርሳቸው ባጃጅ ያሰልፋሉ። ማን መረጣቸው? ኧረ ማንስ ጠየቀ! ታዲያ አንድ ቀን ባንኩ በር ላይ ያለ ተራዬ ሁለት ሴቶች ስጭን አያ ጎሹ ያዙኝና ወር ሙሉ ከሰልፉ ጭራ እንድቆም ፈረዱብኝ። ጭራ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ዴሞክራሲ ቶሎ ይገባዋል።

በሳምንቱ አሥራ ሁለት ሾፌሮች ሻይ ቤት ጓዳ ተሰበሰብን። ወዲያው ሦስት ፓርቲ ተቋቋመ፦ የአዘዞ መስመር፣ የማራኪ መስመር፣ እና ባጃጁ ጋራዥ የገባችበት አስናቀ ብቻውን። ጸሐፊያችን ጠዋት ቀድሶ ከሰዓት የሚነዳ ዲያቆን ነው፤ ከደንብ ነጥብ አያጎድልም። እጅ ማውጣት ተማሪ ያስመስላል ተብሎ ድምፅ በመቆም እንዲሰጥ ተወሰነ።

ዲያቆኑ እስክሪብቶውን አንስቶ «አያ ጎሹ ይቀጥሉ የምትሉ ቁሙ» አለ። የተነቃነቀ የለም። አስናቀማ ጭራሽ እግሩን አነባበረ። ለካ ዘመን ሲለወጥ እንዲህ ጸጥ ይላል ስል፣ በሩ ተከፈተና አያ ጎሹ ገቡ።

«ኖር!» ብለን ሁላችንም ብድግ! ምን እናድርግ? ሽማግሌን ቁጭ ብሎ የሚቀበል ስድ በእኛ ሰፈር ገና አልተወለደም። በሩ አጠገብ ስለነበርሁ ቀድሜ የተነሳሁት እኔው ነኝ።

«በእግዜር! ተቀመጡ ልጆቼ» እስኪሉ ዲያቆኑ ቆጥሮ ጨርሷል፤ በሙሉ ድምፅ። ጠጋ ብዬ «ምነው ዲያቆን፣ ይኼ እኮ አክብሮት ነው» ስለው፣ መዝገቡ ላይ የቆመ እንጂ ለምን ቆመ የሚል ዓምድ የለም ብሎኝ ፈረመበት።

ውጤቱ ሲነበብላቸው አያ ጎሹ አንድ በአንድ መረቁን። ጊዜው አሁን ነው ብዬ ጉልበታቸውን ይዤ፣ ቅጣቴን እንዲያነሱልኝ ለመንሁ። በበዓል ቀን እግራቸው ላይ የወደቀን ሁሉ ይቅር ማለት ልማዳቸው ነበርና።

ጸጉሬን ዳበስ አድርገው «ሸጋ ልጅ ነህ» አሉኝ፤ «ትናንት ብትመጣ ኖሮ እምርህ ነበር። ዛሬ ግን የተመረጥሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ብቻዬን መወሰን አልችልም።»