የጠዋቱ መመሪያ ለሁሉም ይድረስ

ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤታችን እንደ ወትሮው ተከፈተ። ወለሉ ተወልውሏል፤ ኮምፒውተሮቹ በርተዋል። ሥራ አስኪያጁም ቢሯቸው ካሜራ ፊት ተቀምጠው የሳምንቱን መመሪያ መስጠት ጀመሩ።

መመሪያውን በውስጥ ኔትወርኩ የምታሠራጨው ባለሙያ ገና በሙከራ ቅጥር ላይ ናት፤ ሁለት ታናናሾቿን የምታስተዳድረውም በዚሁ ሥራ ነው። አደራረጓ የሚያስነቅፍ አልነበረም። ንግግሩ አንድ ጊዜ ብቻ ይላካል፤ ስዊች የሚባለው ማከፋፈያ ሳጥን ደግሞ ማን እንደሚፈልግ ጠይቆ፣ «ላክልኝ» ላለው ኮምፒውተር ብቻ ያደርሳል። ስለዚህ መስመሩ አይጨናነቅም።

ሥራ አስኪያጁ ሲጨርሱ አስጠሯት።

«ስንት ሰው ተከታተለኝ?»

«አንድ፣ ጋሼ።»

«ማነው እሱ ጎበዝ?»

«የእርስዎው ኮምፒውተር ነው።»

ከሰዓት በኋላ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው የሳጥኑ ሥነ ምግባር ነበር።

«ለመሆኑ ሰውን ፍላጎቱን እንዲጠይቅ ማን ሥልጣን ሰጠው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው» አለ የሰው ኃይል ኃላፊው። «እኛ እንኳ ጠይቀን አናውቅም!»

ባለሙያዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ሳይጠይቅ ለሁሉም ካደለ መስመሩ ይዘጋል። ስልኩም፣ ማተሚያውም፣ የባለጉዳይ ተራ መጥሪያውም የሚሠሩት በዚያው ነው» አለች።

«ስሚ እህቴ፤ ነገ ሁሉም ጋ ካልደረስኩ ሙከራሽ እዚሁ ያበቃል። ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይደጋገም።»

ሳጥኑ መጠየቁን እንዲተው ተደረገ።

በማግሥቱ መመሪያው ለሁሉም ደረሰ። ለማተሚያው ደረሰ፤ ማተም አቆመ። ለስልኮቹ ደረሰ፤ ጭጭ አሉ። ለተራ መጥሪያው ሲደርስ ሠላሳ አራት ላይ ደርቆ ቀረ። ሠላሳ አምስት ቁጥር የያዙ እናት ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ተራዬ መቼ ነው?» አሉ።

«መመሪያው ሲያልቅ፣ እማማ» አለቻቸው የመስኮቷ ሠራተኛ።

መመሪያው ባለቀ ቁጥር እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል።

በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ የባለጉዳይ መጠበቂያ አዳራሹን ጎበኙ። አግዳሚ ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ።

«አያችሁ? ሰልፍ የሚባል ነገር ከሥሩ ተነቀለ!»

የሰው ኃይል ኃላፊው አጨበጨበ። የባለሙያዋም ቅጥር እዚያው እንደቆመች ጸደቀላት።

መሥሪያ ቤታችን ዛሬም በሰዓቱ ይከፈታል። ባለጉዳይ የለም።