በባና የተጠቀለለው የፖም ጠጅ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ልብስ አጥቦ ማድረቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ይህ አይገባውም። እሱ ጠዋት አጥቦ ከሰዓት በኋላ ይለብሳል። እኛ ዘንድ ሰኞ የታጠበ ሸሚዝ ረቡዕ ብትነኩትም እርጥብ ነው። ኅዳር ከገባማ ውርጩ ይዞት እንደ ጣውላ ደርቆ ታገኙታላችሁ፤ ደረቀ ብላችሁ ቤት ስታስገቡት መልሶ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ግቢ ውስጥ ፀሐይ የምታርፍባት ቦታ የቤቱ እመቤት ርስት ናት። እዚያች ቦታ ላይ ጥላ የሚጥል ነገር መትከል ምን ማለት እንደሆነ ገባችሁ?

እኔ ተከልኩ። ያውም ሦስት የፖም ዛፍ።

ጡረታ በወጣሁበት ሳምንት ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ኬሚስትሪ ሳስተምር ኖሬ፣ አንድ ቀን ጠዋት ስነሣ የሚጠብቀኝ ክፍል የለም። ሸሚዜን ለብሼ፣ ጫማዬን ጠርጌ፣ በሩ ላይ ቆምኩ። ወዴት ልሂድ? በማግስቱ አንኮበር ወርጄ ከአንድ ገበሬ ሦስት ችግኝ ገዛሁ። ሚኒባስ ውስጥ እስከ ቤት ድረስ ታቅፌያቸው መጣሁና ባዶ ሆኖ ያገኘሁት ቦታ ላይ ተከልኳቸው። ቦታው ለምን ባዶ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። የምጠይቃት ባለቤቴ አስካለ ግን ያን ቀን ገበያ ሄዳለች።

ፖም ብርድ ይወዳል። ብርድ ደግሞ እኛ ጋ ሞልቷል። ችግኞቹ ተመነደጉ፣ ቅርንጫፍ ዘረጉ፣ በአራተኛው ዓመት አፈሩ። ፍሬው ብዙ ነው፤ ግን ትንንሽና ጎምዛዛ። ለጎረቤት አደልን። መጀመሪያ ጊዜ አመስግነው ተቀበሉን። ሁለተኛ ጊዜ "ያለፈው ገና መች አለቀና?" አሉን። ሦስተኛ ጊዜ እኔ ዘንቢል ይዤ ስወጣ በር ሲዘጋ በጆሮዬ ሰማሁ።

አምና መስከረም ላይ አስካለ ቁርጡን ነገረችኝ። የጥቅምት ሚካኤል ማኅበር ተራው የእኛ ነው፤ እሱ ካለፈ በማግስቱ ዛፍ ቆራጭ ይመጣል። ከሰውየው ጋር ተነጋግራ ጨርሳለች። "እኔ ለዚህ ሁሉ ዓመት አንሶላ የማደርቀው በትንፋሼ ነው፤ ፍሬው እንደሆነ ፍየል እንኳ አልቀምስም ብላለች" አለችኝ። እውነቷን ነው። ፍየሏ አልቀመሰችም።

ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን አልሳቀም። ለእናንተ ምን እደብቃለሁ? ጠዋት ጠዋት እነሱን ለማየት ነበር የምነሣው። አንዱን እገርዘዋለሁ፣ አንዱን እኮተኩተዋለሁ፣ አንዱን ዝም ብዬ አየዋለሁ። እነሱ ከሄዱ በሩ ላይ ቆሜ ወዴት ልሂድ የምልበት ቀን ሊመለስ ነው። ፈራሁ።

የፈራ ሰው ስልኩን ይጎረጉራል። ስጎረጉር ፈረንጆች ፖም ጨምቀው፣ አብላልተው፣ ሳይደር የሚሉት መጠጥ እንደሚያወጡ አነበብኩ። ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። መብላላት! ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ምን ሆነና! ስኳር ሲብላላ አልኮልና ጋዝ ይሆናል። ልጆቹ እንደ ዳዊት ነበር የሚደግሙልኝ።

አስካለን ለመንኳት። ለማኅበሩ የፖም ጠጅ ልጥመቅ፤ ሰዉ ከወደደው ዛፎቹ ይቁሙ፣ ካልወደደው እኔው ራሴ መጥረቢያውን አቀብላለሁ። ትንሽ አሰበች። እሷ እንደሁ ጠላዋን መጥመቋ አይቀርም፤ የኔው ቢበላሽ ማኅበርተኛው ጾሙን አያድርም። "አንድ ሰው እንኳ ራሱ ጠይቆ ካስደገመ ዛፍህ ይቆማል" አለችኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ጌሾ ልስጥህ አለች። ተቆጣሁ። ጌሾ የጠላና የጠጅ ነው፣ ይሄ ሳይንስ ነው አልኳት። ሰጥ አለች። አስካለ ሰጥ ስትል መጠርጠር ነበረብኝ።

ሥራ ተጀመረ። ፖሙን በሙቀጫ ወቀጥኩት። ለማጥለያ ንጹሕ ጨርቅ ፈለግሁና አንድ ነጠላ አገኘሁ። ነጠላው የሷ የክት መሆኑን ያወቅሁት ቡናማ ከሆነ በኋላ ነው። የፖም ጭማቂ አየር ሲያገኘው እንደሚጠቁር ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬያለሁ፤ በነጠላ ላይ ግን አላስተማርኩም። ሁለት ጀሪካን ሞላልኝ። አንዱን አስካለ ወጥ ቤት ላስቀምጠው፣ ጓዳው ጠቦኛል አለች። ይሁን አልኳት። ዋናውን እኔ ጓዳ ወሰድኩት።

አሁን ስሕተቴን ልናዘዝ። እናቴ ባደግሁባት በሰላ ድንጋይ ከተማ ጠላ ስትጠምቅ የጋኑን አፍ በጭቃ ለቅልቃ ታትመዋለች። ልጅ ሆኜ ጭቃውን የማቦካው እኔ ነበርኩ። ጥሩ መጠጥ ማለት በደንብ የታተመ መጠጥ ነው ብዬ አደግሁ። እናም የጀሪካኑን ክዳን በሁለት እጄ አጠበቅሁት፤ ላዩ ላይ ላስቲክ አሰርኩበት፤ እንዳይበርደው ደግሞ የመንዝ ባናችንን ጠቀለልኩበት። ባናው ከበግ ጠጉር የተሠራ ነው፤ ሰው ቢጠቀለልበት በታኅሣሥ ያልበዋል። ጋዙ መውጫ ካጣ ዕቃው ይፈነዳል የሚለውን ፈተና ላይ አውጥቼዋለሁ እኮ! እኔው ነኝ ያወጣሁት። ሰሌዳው አንድ ነገር ያውቃል፣ እጅ ሌላ ነገር ያውቃል። ጭቃ ሲጨንቀው ይሰነጠቃል፤ ጀሪካን ግን እስከ መጨረሻው ይችላል።

በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ምሳ እየበላን ነበር። ድም! አለ። አስካለ እጇ ወጡ ላይ እንዳለ ቀረ። ጎረቤቶች አጥር ላይ ብቅ ብቅ አሉና "የባጃጅ ጎማ ነው" ተባባሉ። እኔም "አዎ፣ ጎማ ሳይሆን አይቀርም" አልኩ። ጓዳ ስንገባ ጣሪያው ይንጠባጠባል፣ ባናው አረፋ ለብሷል፣ ክዳኑ እስከ ዛሬ አልተገኘም። አስካለ ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀችም። ባናውን አነሣችና ልታጥበው ወጣች። ባና አጥቦ ማድረቅ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ አልነግራችሁም።

ከዚያ በኋላ ወጥ ቤት ያለውን ጀሪካን ለማየት እንኳ አልደፈርኩም። የመጥረቢያው ቀን ደረሰ ብዬ ተቀመጥኩ። ዛፎቹ ሥር ስቆም አንገቴን እደፋለሁ። እንዴት ልንገራችሁ፣ ተማሪዎቼን በፈተና የጣልኩ ነው የመሰለኝ።

የሚካኤል ዕለት ማኅበርተኛው ተሰበሰበ። ጸሎት ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ። እኔ ጥግ ይዣለሁ። ድንገት አስካለ ሌላ ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣችና ለንስሐ አባታችን ለመምሬ ጌታነህ በብርጭቆ ቀዳችላቸው። ወርቅማ ነው፤ አረፋው ጠርዙ ላይ ይንሾካሾካል። መምሬ አሸተቱት። አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም ጨፈንኩ። ስገልጥ ብርጭቆው ባዶ ነው፤ መምሬ ደግሞ ወደ አስካለ ዘርግተውታል።

"እስቲ ልጄ፣ ይቺን ድገሚኝማ። ማን ነው የጠመቃት?" አሉ።

አስካለ ወደ እኔ ጠቆመች። "እሱ ነው፣ አባቴ" አለች።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ጎሽ አሉኝ፣ እጅህ ይባረክ አሉኝ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ እንዲህ የታየሁበት ቀን አልነበረም፤ ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። ለኔም ተቀዳልኝ። ጠጣሁ። እውነትም ግሩም ነው። የመጨረሻውን ስጨልጥ ከንፈሬ ላይ አንድ ነገር ተሰነቀረ። አወጣሁት። የጌሾ እንጨት ነው።

ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ዳቦ ትቆርሳለች፤ ዳቦው ግን ቀድሞ ተቆርሶ አልቋል። በኋላ ሰዉ ሲሄድ አፋጠጥኳት። ጠዋት ጠዋት ክዳኑን ፈታ አድርጋ ታስተነፍሰው ኖሯል። ሲበርድ ወደ ምድጃው ታስጠጋዋለች፣ ጌሾውን ጨምራ በሦስተኛው ቀን አውጥታዋለች። አንዷ እንጨት ግን አምልጣት ኖሯል። ዛፉ እንዲቆረጥ የምትፈልገው አንቺ አይደለሽም ወይ አልኳት። "ዛፉን አልወደውም" አለችኝ። "አንተ ግን ጠዋት የምትነሣው ደስ እያለህ ነው።" ወጥቼ ገና ያልደረቀውን ባና ገመዱ ላይ አብሬያት ገለበጥኩ።

ዛፍ ቆራጩ በማግስቱ መጣ፤ ልብስ ማስጫውን ወደ ወጥ ቤቱ ጀርባ አዛውሮ ሄደ።

ዘንድሮ ማኅበርተኛው ፖም ስጡን ብሎ ራሱ መጣ። አምና በር የዘጉብንም ዘንቢል ይዘው መጡ። አሠራሩን እንዳስተምራቸው ጠየቁኝና አስተማርኳቸው፤ አወቃቀጡን፣ አጨማመቁን፣ ስለ ነጠላው ጥንቃቄ፣ ሁሉንም። ስለ ክዳኑ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ስለ ክዳኑ ካነሣሁ ስለ ባጃጁ ጎማ ማንሣቴ ነው። እነሱም እንደ እናቶቻቸው አጥብቀው አተሙት።

አስካለ ሰሞኑን በጠዋት ነጠላዋን ጣል አድርጋ ትወጣለች። ወዴት ነው ስላት መጣሁ ብላኝ ትሄዳለች። ትናንት ከማኅበርተኞቻችን አንዷ እትዬ ሸዋረገድ መንገድ ላይ አገኙኝና አንገታቸውን ሰበር አድርገው ይቅርታ ጠየቁኝ። ለካ አስካለ በየቤቱ እየዞረች ክዳን ታስተነፍሳለች። እትዬ ሸዋረገድ "ይህን ባልሽ መቼ ነገረን?" ቢሏት፣ "እሱማ ነግሯችኋል፤ ስታወሩ ነው ያመለጣችሁ" ብላቸዋለች።

"እውነቷን ነው ቲቸር፣ ሳናዳምጥዎት ቀርተን ነው" አሉኝ።

ምን ላድርግ? ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ "ለሌላ ጊዜ ያዳምጡ" አልኳቸው።