ወይዘሮ አልጨረስኩም

ጣሪያው የማያፈስ፣ ድምፅ ማጉያው የማያፏጭ ቁምስና (እኛ ካቶሊኮች አጥቢያችንን የምንጠራው እንዲህ ነው) ይኖር ይሆናል። አንዲት ነገረኛ ሴት የሌለችበት ቁምስና ግን የለም። ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል፣ የሰው ልብ ወደ ምሳው ሲሸፍት፣ ሕፃናት በእናቶቻቸው ጉልበት መሀል ማዛጋት ሲጀምሩ፣ ይህች ሴት ከመቀመጫዋ ብድግ ትላለች። «አንድ ነገር ብቻ» ትላለች። አንድ ሆኖ አያውቅም። አንድ ጊዜ ያለ ፍርድ ስለታሰሩ ሰዎች ነው፤ ሌላ ጊዜ ከቤታቸው ስለተባረሩ ተከራዮች፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ የት እንዳለ እንኳ ስለማናውቀው ጦርነት። ምእመኑ በጎን በር እየተሹለከለከ ሲወጣ ካያችሁ፣ በዋናው በር ላይ እሷ ቆማለች ማለት ነው።

የእኛዋ፣ ክብርት ወይዘሮ አልጨረስኩም፣ ባለፈው ሰሞን አረፉ። «አረፉ» ብዬ ስጽፍ እጄ አልታዘዝ ይለኛል። ማረፍ እሳቸው የሚችሉት ሥራ አልነበረም።

ሙያቸው ልብስ ስፌት ነበር። ቤታቸው አንዲት ክፍል ናት፤ መስኮቷ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የጠጠር ማምረቻ ፊት ለፊት ያያል። ማሽኑ ድንጋይ ሲፈጭ የሚነሣው ነጭ አቧራ መንገዱን ተሻግሮ ይመጣና የስፌት መኪናው ላይ፣ የተቆረጠው ጨርቅ ላይ፣ የደንበኛው ቅንድብ ላይ ይተኛል። ጥቁር ሱሪ ሊያሰፋ የሄደ ሰው ግራጫ ይዞ ይመለሳል። የወይዘሮዋ ልኬት ደግሞ የታወቀ ወጥመድ ነበር። እኔንም የያዙኝ በሱ ነው።

«አንተ፣ ስለ ጎረቤትህ ድመት ጋዜጣ ላይ ጻፍክ አሉ» አሉኝ አንድ ቀን፣ ሜትሩን አንገቴ ላይ እንደጠመጠሙ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ድመቷ ያስላታል?»

«ኧረ አያስላትም።»

«እንግዲያው እሷ ትቆይ። እዚህ ማዶ የሚያስላቸው አሉ።»

ሜትር አንገቱ ላይ ያለ ሰው አይከራከርም። የቁምስናው የፍትሕና የሰላም ኮሚቴ አባል ሆኜ ከዚያ ቤት ወጣሁ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፦ እሳቸው፣ እኔ፣ እና ስብሰባው እንደተጀመረ እንቅልፍ የሚጥላቸው አንድ ጡረተኛ መምህር። መምህሩ ሲያንጎላጁ ራሳቸው ዝቅ ስለሚል፣ ወይዘሮዋ «ተስማምተዋል» እያሉ ያልፉ ነበር። ሁሉም ውሳኔያችን በሙሉ ድምፅ ነው።

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ባለቤታቸው ዕድሜያቸውን ሁሉ እዚያ ማዶ ድንጋይ ሲያስፈጩ ኖረው፣ መጨረሻ ላይ ከአልጋቸው እስከ በሩ ለመድረስ መሀል ላይ ቁጭ ብለው የሚያርፉ ሰው ሆነው ሞቱ። ሐኪሙ «ሳንባቸው አቧራ ጠጥቶ ደርቋል» አላቸው። የአባትየውን ቦታ የተካው ልጃቸው ነው። ሚስትና ሕፃናት አሉት፤ በዚያ አካባቢ ደግሞ ሌላ ሥራ የለም። እሱም ማሳል ጀምሮ ነበር። ወይዘሮዋ ሌት ተቀን የሚለምኑት እንግዲህ ይህንኑ ነው፦ ማሽኑ ድንጋይ ሲፈጭ ውሃ ይረጭበት፣ አቧራው ይርገብ፣ ልጄ አባቱን አይከተል።

«እማዬ፣ ተይ በናትሽ» ይላቸው ነበር ልጁ፣ እኔ ባለሁበት እንኳ። «ከሥራ ታስወጪኛለሽ። ዝም አይነቅዝም።»

«ሳንባ ግን ይነቅዛል። ደግሞስ ብትወጣ? አንተ በእግርህ ትወጣለህ። አባትህ በሰው ትከሻ ነው የወጣው።»

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል፤ ሳሉ ግን መንገዱ ላይ ይሰማል፤ እሳቸውም ሳሉ እስኪርቅ ድረስ የስፌት መኪናቸውን አያንቀሳቅሱም።

አሁን ወደ ስማቸው ልምጣ። በቅዳሴያችን ከስብከቱ በኋላ የምእመናን ጸሎት አለ። አንባቢው ከቁምስናው ቢሮ የተሰጠውን ልመና ያነብና «ወደ ጌታ እንለምን» ሲል፣ ሕዝቡ «ጌታ ሆይ ስማን» ብሎ ይመልሳል። አፍ ለምዶታል። ልቡ ገበያ የሄደም፣ እንቅልፍ የያዘውም እኩል ይመልሳል። አንድ እሑድ የማንበብ ተራው የወይዘሮዋ ሆነ። መነጽራቸውን አድርገው «በዓለም ላይ ለሚሠቃዩት ሁሉ፣ ወደ ጌታ እንለምን» አሉ። «ጌታ ሆይ ስማን» አልን። እሳቸው ጣታቸውን አነሡ።

«አልጨረስኩም» አሉ። «በተለይም ከዚህ መንገድ ማዶ አቧራ ሲውጡ ለሚውሉት፣ ማሽኑ ላይ ውሃ እንዲረጭላቸው፣ የባለቤቱም ልብ እንዲራራ፣ ወደ ጌታ እንለምን።»

«ጌታ ሆይ ስማን!» አለ ቤቱ። ከሁሉ ጎላ ብሎ የተሰማው ድምፅ የመጣው ከፊተኛው አግዳሚ ወንበር ነበር። ባለጠጠሩ ናቸው፤ የማምረቻው ባለቤት፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ በአዲስ ቆርቆሮ ያለበሱ ሰው። ምን እንደለመኑ የገባቸው «ስማን» ካሉ በኋላ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነባቸው፤ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ልጁ በዚያን ሰዓት ከዓምዱ ኋላ ተደብቆ ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ ወይዘሮዋ በር ላይ ጠብቀው የባለጠጠሩን እጅ ያዙ።

«ወንድሜ፣ አብረኸኝ ጸለይክ፤ ተባረክ። ጌታ እንደሆነ ይሰማናል። አንተስ?»

«እትዬ፣ ውሃ እኮ ማሽኑን ያዝገዋል።»

«ማሽን እንዳይዝግ ዘይት ይቀባል። የልጄን ሳንባ ምን ልቀባው?»

በሳምንቱ የማምረቻው በር ላይ አንድ ትልቅ የውሃ በርሜል ቆመ። ወይዘሮዋ ደስታቸውን አልቻሉትም፤ ያን ቀን ያገኙትን ሰው ሁሉ አቅፈዋል፤ እኔን ሁለት ጊዜ። ጳጳሳችን ሊጎበኙን በመጡ ዕለት በርሜሉ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ባለጠጠሩ ከጳጳሱ ጋር ከፊቱ ፎቶ ተነሡ። ጳጳሱ ከሄዱ በኋላ የበሩ ጠባቂ ካልሲውን ሲያጥብበት ታየ። ማሽኑ ጋ ግን አንዲት ጠብታ አልደረሰችም። ላም አለኝ በሰማይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ተራቸው በደረሰ ቁጥር «በተለይም» አልቀረችም። የቁምስናው ካህን፣ አባታችን፣ ደግ ናቸው፤ ግን ጠብ አይወዱም። አንድ ቀን አስጠርተው በለሆሳስ መከሯቸው።

«እናቴ፣ ልመናው በጥቅሉ ቢሆን ምን አለበት? ዝርዝሩን እግዚአብሔር ያውቀዋል።»

«እሱማ ያውቃል፣ አባ። የማያውቁት ‹ጌታ ሆይ ስማን› የሚሉት ናቸው።»

ሕዝቡ ግን ቀስ በቀስ ሌላ ነገር ለመደ። ወይዘሮዋ ሲያነቡ ቀድሞ መመለስ ተወ። «በተለይም» እስክትመጣ፣ ሰዎቹ ተጠርተው እስኪያልቁ፣ አፉን ይዞ ይጠብቃል። እንግዳ ሰው ተሳስቶ ቶሎ የመለሰ እንደሆነ ጎረቤቱ በክርኑ ጎሸም ያደርገዋል፤ «ቆይ እንጂ፣ አልጨረሱም» ይለዋል። ስሙ የወጣላቸው እንዲህ ነው። እሳቸውም ሰምተውት ስቀዋል፤ «ክርስትና ስሜስ መች ሥራ ሠራልኝ» አሉ።

አንድ ዕለት ግን የሚሣቅበት አልነበረም። አንድ የማሽን ሠራተኛ እያሳለ ወድቆ እዚያው ሞተ። የልጃቸው ባልንጀራ ነበር። ጓደኞቹ ድንጋይ በእጃቸው ይዘው ወደ ማምረቻው በር ሲሮጡ፣ ወይዘሮዋ የስፌት ወንበራቸውን ተሸክመው ቀድመው ደርሰው በሩ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ምንድን ነው የያዛችሁት?»

«ድንጋይ ነዋ!» አለ አንዱ እየጮኸ።

«ለባለጠጠሩ ድንጋይ ትወስዱለታላችሁ? ሰውዬው የሞላው ድንጋይ አይደለም እንዴ!»

አንዱ ሳያስበው ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት፤ ከሳሉ በኋላ ለቅሶ መጣ። ሌሎቹም ድንጋዩን አንድ በአንድ ጣሉት። ወይዘሮዋ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ለሟቹ አለቀሱ፤ የአንዱን ወጣት ራስ ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የሌላውን እጅ ይዘው። በኮሚቴያችን ስም ውስጥ «ሰላም» የምትለዋ ቃል ለምን እንደተጨመረች ያን ቀን ገባኝ። እኔም አለቀስኩ።

እሳቸው የሞቱት እንዲሁ በሥራ ቀን፣ ጧት፣ ስፌት መኪናቸው ላይ እንዳሉ ነው። ልብ ነው አሉ። ሠርክ የልጃቸውን ሳንባ ሲጠብቁ፣ የራሳቸውን ልብ ማንም አልጠበቀላቸውም። መርፌው ሥር የነበረው የኔ ሱሪ ነው፤ እንዲያሳጥሩልኝ የሰጠኋቸው።

የቀብራቸው ቅዳሴ ላይ እንዳነብ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ቢሮው ያዘጋጀው ልመና እንደወጉ ጥቅል ነበር። ሬሳ ሳጥኑ መሀል ላይ ነው፤ ልጁ አጠገቡ ቆሟል፤ የሚደበቅበት ዓምድ ሩቅ ነበር። ባለጠጠሩ በተለመደው ቦታቸው፣ ፊተኛው ወንበር ላይ ናቸው። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ «በዓለም ላይ ለሚሠቃዩት ሁሉ፣ ወደ ጌታ እንለምን» አልኩ።

መልስ የለም።

መጀመሪያ ድምፅ ማጉያው የተበላሸ መሰለኝ። በጣቴ ነካ አደረግሁት፤ ይሠራል። ቀና ብዬ ሳይ ቤቱ ሙሉ ሰው አፉን ይዞ ያየኛል። አሮጊቶቹ፣ የማሽን ሠራተኞቹ፣ መምህሩ ሳይቀሩ ነቅተው። ማንም አልመከረበትም፤ ማንም አላመጸም። እንደለመዱት «በተለይም»ን እየጠበቁ ነበር። ወረቀቴ ላይ ግን «በተለይም» የለችም። እሳቸው እንደሌሉ ያመንኩት ያኔ ነው።

«እማዬ አልጨረሰችም» አለ ከሳጥኑ አጠገብ አንድ የተሰበረ ድምፅ።

ልጁ ነው። ዕድሜውን ሁሉ «እማዬ ተይ» ሲል የኖረው ልጅ።

«በተለይም…» ብሎ ጀመረና ሳሉ ያዘው። ሳጥኑን ተደግፎ ሳለ፤ ረጅም ሳለ። ቤቱ ሙሉ ሳሉ እስኪያልፍለት ጠበቀው። «በተለይም ማዶ ለምንሠራው… ለኔም… ማሽኑ ላይ ውሃ እንዲረጭልን፣ ወደ ጌታ እንለምን።»

«ጌታ ሆይ ስማን!»

እንዲያ ያለ መልስ በዚያ ቤት ሰምቼ አላውቅም። ቆርቆሮው ነዘረ። ባለጠጠሩም መለሱ፤ ፊት ለፊቴ ስለነበሩ ከንፈራቸውን አየሁ፤ በልማድ እንዳልነበረም አየሁ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ሰኞ ጧት ልጁን ከሥራ አሰናበቱት። ሁለቱንም ያደረጉት እኒሁ አንድ ሰው ናቸው፤ እኔ እንጃ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ልጁ በዚያው ሰኞ ሱሪዬን አጣጥፎ ቤቴ ድረስ ይዞልኝ መጣ። አንደኛው እግር አጥሯል፤ ሌላኛው እንዳለ ነው።

«ይቅርታ ጋሼ፣ አላለቀም» አለኝ።

«ግድ የለም፣ ተወው። አንተስ እንዴት ሆንክ?»

«ወጣሁ» አለ። እግሩን አየ። «በእግሬ።»

ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ አልሆነለትም። አቅፌው ቆምኩ፤ ደረቱ ውስጥ የሚያንኳኳው ሳል በደረቴ ተሰማኝ። ሳሉም አብሮት ወጥቷል፤ እንደማይለቀውም ሁለታችንም እናውቃለን። ሱሪውን ለሌላ ሰፊ አልሰጠሁትም፤ በር ኋላ ተሰቅሏል።

አልጨረስኩም። በቀብሩ ዕለት የመጨረሻው ልመና ለሳቸው ለራሳቸው ነበር። «ለዚህች እኅታችን የዘላለም ዕረፍት እንዲሰጣት፣ ወደ ጌታ እንለምን» ብዬ አነበብኩ። ሁሉም መለሱ፤ እኔ አንባቢው ብቻ አፌን ዘጋሁ። ማዶ ማሽኑ ዛሬም ደረቁን ይፈጫል። አንዱ ልጅ ወጣ እንጂ ሌሎቹ እዚያው ናቸው፤ መስኮቴን ስከፍት ሲያስሉ ይሰሙኛል። ጌታ ሆይ፣ የሌላውን ሰው ጸሎት ሁሉ ስማ። እሳቸውን ግን እባክህ ገና አታሳርፋቸው።