ሰው ፊት የሚጠፋ ትምህርት

ብቻውን ሲሆን ሊቅ፣ ሲጠየቅ ድንጋይ የሚሆን ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ጓደኛዬ ምህረቱ እንዲያ ነበር። ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲደግም ወፎቹም አብረውት የሚመረቁ ይመስል ነበር። የኔታ ፊት ሲቀርብ ግን ምላሱ ይታሰራል። የኔታ ደግሞ መድኃኒቱን ያውቃሉ፤ «ፍርሃት የሚወጣው በአለንጋ ነው» ይላሉ። ታዲያ ለምን አልወጣለትም? እንጃ፤ ምናልባት ፍርሃቱም አለንጋውን ፈርቶ ውስጥ ተደብቆ ይሆናል።

በጣሊያን ጊዜ ነው። ከምህረቱ ጋር ወደ አማኑኤል ስንሄድ እንደኛው ደበሎ የለበሰ ጎልማሳ ተቀላቀለን። አርበኛ ነበር። መንገዱ ላይ ባለው የጣሊያን ኬላ ባንዶች «ተማሪ ከሆንክ ድገም» እያሉ እንደሚፈትኑ ሰምቷልና የዘወትር ጸሎቱን በግዕዝ እንድናስጠናው ለመነን። ምህረቱ መንገዱን ሙሉ አስጠናው።

«አይዞዎት ጋሼ፣ አይቸኩሉ» ይለዋል። «ቢጠፋብዎት ትንፋሽ ይውሰዱና ካቆሙበት ይቀጥሉ።»

ኬላው ላይ አንድ ባንዳ አለንጋ እያወዛወዘ ጠየቀን። አርበኛው መሃል ላይ ጠፋበት፤ ትንፋሽ ወሰደና ጨረሰው። እኔም ተወጣሁት። ምህረቱ ግን አለንጋውን አየና ዝም አለ።

«ተማሪ ማለት ይህ ነው!» አለ ባንዳው የአርበኛውን ትከሻ እየመታ። ምህረቱን «ይህ ሽፍታ ነው» ብሎ አስወሰደው። ጓደኛችን ነው ብንል ማን ይስማን! ጥይቱ የተተኮሰው ገና ኬላውን ሳንርቅ ነው።

ተመልሼ ለየኔታ ነገርኳቸው። እንባቸው ጢማቸውን አራሰው።

«ወይ ልጄን!» አሉ። «አለንጋው አንሶት ነው።»