ጠርሙሷ ሳይፈቀድላት የተነሣችበት ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 1979 ዓ.ም.
ቦታ፦ ሮም፣ ከቪያ ቮልቱርኖ ጀርባ፣ ከቤተ ክርስቲያን በውሰት የተገኘው አዳራሽ
ሰዓት፦ ለዘጠኝ ተጠርቶ አሥር ሰዓት ላይ የተጀመረ

የተገኙ፦
አቶ ኃይለጊዮርጊስ፣ የወላጆች ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ በዕድሜም የሁላችን ታላቅ
ጓድ ሙሉአለም፣ የቅስቀሳ ተጠሪ (ማንን እንደሚቀሰቅሱ እስካሁን አልታወቀም)
አቶ ጸጋይ፣ አባል፣ የለምለም አባት
መምህርት ያለምዘውድ፣ የቅዳሜው አማርኛ ትምህርት ቤት ብቸኛ አስተማሪ
ወይዘሮ ዙፋን፣ የእጅ ጽሑፏ ያምራል ተብላ ሳትጠየቅ የተመረጠች ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ አቶ አለባቸው። ካለፈው ስብሰባ "መጣሁ" ብለው እንደወጡ ናቸው።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከስድስቱ አባላት አምስቱ ስለተገኙ ተሟልቷል። የሊቀ መንበሩ ማንቀላፋት ቆጠራውን እንደማያጎድል በአብላጫ ድምፅ ታምኖበታል።

አጀንዳ 1፦ የትምህርት ቤቱ ዕጣ

ሊቀ መንበሩ ሲነቁ እንዳስረዱት፣ ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ከወላጆቻቸው ጋር ይመጣሉ፤ ክፍል ግን አይገቡም፣ ግቢው ውስጥ ኳስ ሲያባርሩ ይውላሉ። አዳራሹን ያዋሱን ቄስም ተማሪ ከሌለ ቁልፉ ዛሬውኑ እንዲመለስላቸውና ለፒንግ ፖንግ እንደሚፈልጉት አሳስበዋል። አቶ ጸጋይ ልጃቸው ለምለም ስትቆነጠጥ እንኳ የምትጮኸው በጣልያንኛ መሆኑን በምሬት ገልጸዋል። ጓድ ሙሉአለም ጥፋቱ የኳሱ ስለሆነ ኳሱ ቀርቦ ግለ ሂስ እንዲያደርግ ሐሳብ አቅርበው ደጋፊ አላገኙም።

መምህርት ያለምዘውድ ይህን ትምህርት ቤት ከባዶ ክፍል እንዳቆሙት፣ እሱ ከተዘጋ በዚህ ከተማ ምን እንደሚሠሩ እንደማያውቁ ተናግረዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ ትምህርት ቤቱ እንዲዘጋ፣ ቁልፉም ዛሬ ማታ እንዲመለስ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ስለ ሮኬት

መምህርቷ ቁልፉ ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ብቻ እንዲፈቀድላቸው ለምነው፣ ከቦርሳቸው ባዶ የላስቲክ የውሃ ጠርሙስ አወጡ። ከካርቶን የተቆረጡ ክንፎች አሏት። ሲሶዋ በውሃ ይሞላል፣ አፏ በቡሽ ይደፈናል፣ አንገቷ በሽቦ ይያዛል፤ በቡሹ ውስጥ በገባው የኳስ መንፊያ መርፌ አየር በብስክሌት ፖምፓ ይነፋል። ከሽቦው ጋር የታሰረው ገመድ ሲሳብ ሽቦው ይለቃታል፤ ውሃው ወደ ታች፣ ጠርሙሷ ወደ ላይ። ልጆቹ ይህን በገዛ እጃቸው እየሠሩ ቋንቋውን ይለምዳሉ ብለዋል።

ጓድ ሙሉአለም አፍንጫዋ ወደ ምሥራቅ ነው ወይስ ወደ ምዕራብ የሚያመለክተው ሲሉ ጠየቁ። መምህርቷ "ወደ ላይ" አሉ። ጓድ ሙሉአለም "ወደ ላይ" የታወቀ አቋም አለመሆኑን ጠቅሰው "ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ" ተብሎ እንዲሻሻል ጠየቁ። አቶ ጸጋይ በበኩላቸው ጣልያንኛ እየቀላቀሉ "አሎራ፣ ሰው ሰገነት ላይ ብታርፍስ? ፔርሜሶ፣ ፈቃድ የላትም እኮ!" ብለዋል። ሊቀ መንበሩ አደጋ እንዳይደርስ ውሃም አየርም ሳይጨመርባት ትወንጨፍ አሉና በአንድ ድምፅ አለፈ።

መምህርቷ እንዲያ ከሆነ ጠርሙሷ ካለችበት እንደማትነቃነቅ ካስረዱ በኋላ ጉዳዩ እንደገና ታይቶ ውሃና አየር ተፈቀደ። ሊቀ መንበሩ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ማንም ወደ ግቢ መውጣት ሳያስፈልገው፣ ሮኬቷ ጠረጴዛ ላይ ሆና በተከፈተው መስኮት በኩል እንድትወጣ ተወሰነ። መስኮቱ በምሥራቅ በኩል ስለሆነ ማሻሻያውም ተከብሯል።

አጀንዳ 3፦ ገመዱን ማን ይሳብ?

አቶ ጸጋይ "እስኪበቃ ይንፉ" ተብለው መንፋት ጀመሩ። መምህርቷ የሮኬቷን መንገድ ለማየት ከጠረጴዛው ርቀው መስኮቱ ዘንድ ቆሙ። ሊቀ መንበሩ ገመዱን ለጓድ ሙሉአለም ሰጡ። ጓድ ሙሉአለም "ኧረ በሕግ! እርስዎ እያሉ?" ብለው መለሱ። ሊቀ መንበሩ "ለእንግዳ ነገር ወጣት ይሻላል" ብለው ለጸሐፊዋ አቀበሉ። ጸሐፊዋ ታላቅ ተቀምጦ እንደማታደርገው ገልጻ መለሰች። ገመዱ በዚህ ሁኔታ ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ ዞረ። "በሞቴ" ተባለ፣ "አፈር ስሆን" ተባለ። አቶ ጸጋይ ታላላቆች ሲነጋገሩ ማቋረጥ ነውር መስሏቸው መንፋታቸውን ቀጠሉ።

መምህርቷ "ይበቃል!" ብለው ጮኹ። ሊቀ መንበሩ ሐሳብ ያለው እጁን እንዲያወጣ አሳሰቡ። መምህርቷ እጃቸውን አወጡ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ሙሉአለም ቀደም ብለው እጅ ማውጣታቸውን ገልጸው ዕድሉን ለእሳቸው ሲሰጡ፣ ሮኬቷ ሳይፈቀድላት ተነሣች።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ሊቀ መንበሩ ከአናታቸው እስከ ክራቫታቸው ረጠቡ። ጓድ ሙሉአለም ሊናገሩት የነበረው በሙሉ ጠፋባቸው። ሮኬቷ በመስኮቱ ወጥታ ከማዶው ጣሪያ በላይ ስትሄድ ሁላችንም አየን፤ ጸሐፊዋ እልል ማለቷ እዚህ ላይ ይመዝገብ።

ግቢው ውስጥ ኳሱ ቆመ። ቀጥሎ ደረጃው በእግር ኮቴ ተናወጠና ልጆቹ በሙሉ "አንኮራ! አንኮራ!" እያሉ አዳራሹን ሞሉት። መምህርቷ በአማርኛ ያልጠየቀ አያይም አሉ። ልጆቹ ተያዩ። ለምለም አባቷን በጆሯቸው ጠየቀች፣ አባቷም በጆሮዋ መለሱላት።

"ይደገም!" አለች።

"ይደገም! ይደገም!" አሉ ሁሉም። ሊቀ መንበሩ ውሃ እያንጠባጠቡ አብረው ጮኹ። ጓድ ሙሉአለምም ጮኸዋል፤ እንዳይመዘገብባቸው ቢጠይቁም ተመዝግቧል። መምህርት ያለምዘውድ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠርገው "ውሃው ነው" አሉ። ውሃው መስኮቱ ዘንድ አልደረሰም።

የመጨረሻ ውሳኔ

በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል፤ ቁልፉ አይመለስም። ሐሳቡ ለድምፅ ሲቀርብ ሊቀ መንበሩ ጉልበታቸውን ረስተው፣ ሌሎቹም ባዶ ጠርሙስ ፍለጋ ከልጆቹ ጋር ወደ ግቢ ወርደው ስለነበር፣ ጸሐፊዋ ብቻዋን እጇን አውጥታ በሙሉ ድምፅ አጽድቃዋለች። ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ የተዘጋው እሷም ስለወረደች ነው።